ሓርነት ሳትሰማ የተሸኙት አባት፦ የአቶ መርሃዊ ዑቅባይ የሕይወት ጉዞ

የአቶ መርሃዊን አስከሬን ለመሸኘት በዚህ የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ያለፉበትን መንገድ በጥቂቱ ትሰሙ ዘንድ በአክብሮት እንለምናለን።

አቶ መርሃዊ ከአባታቸው ከአቶ ዑቅባይ ገብረኪዳንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ሃብቱ እ.ኤ.አ. በ1944 በኤርትራ ደቀምሐረ ተወለዱ። በአማርኛ ተምረው በዚያው ከተማ የታሪክ መምህር ከሆኑ በኋላ፣ ጦርነቱ ሲበረታ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ መድህን ጋር ወደ ሱዳኗ ከሰላ ተሰደው፣ አንዲት ልጃቸውን ሓርነትን እዚያ ወልደው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ካናዳ ካልጋሪ ገቡ። በፉትሂልስ የኢንዱስትሪ መንደር ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እየነዱ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሠሩም መምህርነቱ አልለቃቸውም፤ የሰፈራቸው የአቢዴል የሐበሻ ልጆች የታሪክ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት በእሳቸው ሳሎን ነበር።

እናታቸው ሲያርፉ ግን እንዳይሰበሩ ብለን እኛ ቤተሰቦቻቸው መርዶውን ሦስት ዓመት ደበቅናቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ለሌለች እናት ደብዳቤ ሲጽፉ መኖራቸውን ባወቁ ጊዜ የተሰማቸውን ሐዘን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም።

ዘንድሮ ሓርነት ለወጣት ተመራማሪዎች በተዘጋጀው የአይሪሽ ጥናት የክረምት ትምህርት ተመርጣ ወደ አየርላንድ ልትሄድ ስትል፣ ሐበሻን ከአይሪሽ ምን አገናኘው እያለ የሚያሾፈው ብዙ ነበር፤ እሳቸው ግን መመረጧን የሚገልጸውን ደብዳቤ እስኪቀደድ ድረስ በሥራ ልብሳቸው ኪስ ይዘው ዞሩ። ልጃቸው ልትሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀራት የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ከሰማች ትቀራለች ብለው ሁላችንንም አስማሉን፤ እርስዎ በተቃጠሉበት ነገር ልጅዎን አያቃጥሉ ብንላቸውም አልሰሙንም። እሑድ እሑድ ስትደውል ድምፃቸው ሲሰልል ጉንፋን ነው አሏት፤ መናገር ሲያቅታቸውም እኛ ኦቨርታይም ገብተዋል አልናት።

ባለፈው እሑድ ከሓርነት የመጣው ደብዳቤ ተነበበላቸው። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፈው የጥንት አይሪሾች ሙታናቸውን አልቅሰው ስለሚሸኙበት ሥርዓት እንደሆነ ገልጻ፣ ሴት አያቷ እንዴት እንደተቀበሩ አባቷ እንዲነግሯት ትጠይቃለች። አቶ መርሃዊ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ፤ ወዲያውም እንደምንም ቃል አውጥተው ሓርነትን ጥሩልኝ አሉ። እኛ ግን ሕመሙ ነው የሚያናግራቸው ብለን የፊተኛውን መሐላ ያዝን። በዚያው ቀን ስልኳ ሲጮህ፣ እሳቸው ከጎን ክፍል ነቅተው እየሰሙ፣ ኦቨርታይም ገብተዋል አልናት። ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

ከኋላቸው ወይዘሮ መድህንን፣ ይህን የማነብላችሁን ታላቅ ወንድማቸውን ሃይለን፣ እስካሁን ያልሰማችውንም ልጃቸውን ሓርነትን ትተዋል። ትምህርቷ ሊያልቅ ስምንት ቀን ቀርቶታል፤ ከእንግዲህ ግን አንዋሽም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ከዚህ ተመልሰን ስንደውልላት ስልኩን ሳትዘጋብን እንድትሰማን ልቧን ያራራልን።