ቲማቲም በመታጠቢያ ገንዳ

ትንሽ ታገሡኝ፤ ጊዜያችሁን የማያስቆጭ ወሬ ይዣለሁ። ኮንቼታ የባርኔጣ ሠሪ ልጅ ናት። ባርኔጣ ደግሞ፣ ለማታውቁት ላስረዳችሁ፣ ድሮ የጥንቸል ጸጉር ሰው በሚያንቀጠቅጥ መርዝ፣ በሜርኩሪ፣ እየታሸ ነበር የሚሠራው፤ እጣቢው እዚያው ፋብሪካው ግቢ ይደፋል። ዛሬ ፋብሪካው ፈርሶ መኖሪያ ቤት እየተሠራበት ነው፤ አንዱን ለመግዛት የኮንቼታ ልጅ ነገ ትፈርማለች። እናትየው እንዳትገዛ ብትለምናት አልሰማቻትም። እሑድ ጠዋት፣ በእሳት አደጋ ጣቢያው ለሰፈሩ ሰው በተዘጋጀው የፓንኬክ ቁርስ ላይ፣ ቤቶቹን ሠርቶ የሚሸጠው ሰው ለኮንቼታ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ልጅቷም አጠገቡ ናት። ኮንቼታ ወደ ወንድሟ ሚስት ወደ ማርሴላ ዞረች። ድምጿን ግን ዝቅ አላደረገችም።

«ማርሴላ፣ የፓንኬኩን ሽሮፕ አቀብይኝ እስቲ... ዝናቡም አባራልን፤ ለጓሮ ጥሩ ነው። መቼም የእኔን ጓሮ ታውቂዋለሽ፤ ቲማቲም በአሮጌ መታጠቢያ ገንዳ የምትተክል ሴት! ገላሽን የት ትታጠቢያለሽ የሚሉኝ አሉ። ምን ላድርግ? አባቴ ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ሾርባው ደረቱ ላይ ያልቅ ነበር፤ 'ከዚህ መሬት የበቀለ እንዳትበሉ' አለን፤ እኔ ሞኟም ሰማሁት። ሰፈራችን ሁሉ በገንዳና በበርሜል ነው የሚተክለው፤ ሞኝነት ይጋባል መሰለኝ...

አንዳንድ ሰው ግን እንዴት ታድሏል! ከእኛው ሰፈር ተወልዶ፣ በእናቱ በርሜል ቃሪያ አድጎ... ዛሬ 'ካሮት ዝሩ፣ ልጆቻችሁን ሣሩ ላይ ልቀቁ' ይለናል። እኔ መነጽሬን ያኖርኩበትን እረሳለሁ እንጂ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር መርሳት የት ችዬ! ባለሙያም ነው፤ አፈሩን አስመርምር ሲሉት ከላይ ጥሩ አፈር አለበሰው። እኔም እኮ እንግዳ ሲመጣ ጥራጊውን ምንጣፍ ሥር ነው የማስገባው፤ ታዲያ ለእኔ ማን ሪባን ቆረጠልኝ?

ትሑትነቱስ? ያን የመሰለ ቤት ሁሉ ለሰው ትቶ፣ እሱ ከሐይቁ ማዶ ኮረብታ ላይ...

ምን አልሽው ልጄ? 'የአንተ ቤት የትኛው ነው?' ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ይኸው ሰውየውን አሳፈርሽው፤ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ...

ተይው ማርሴላ፣ ሳልመርቀው አልነሣም። ከሠራቸው ቤቶች የተሻለውን እግዚአብሔር ለራሱ ይስጠው! ሴት ልጁ እዚያ ትውለድ፤ የልጅ ልጁ በዚያ አፈር እየተንከባለለ ይደግ። ለእኛ ያሰበው ደግነት ሁሉ፣ ምንም ሳይጎድል፣ ለዘር ማንዘሩ ይድረስ። አሜን በይ እንጂ!»