ጀግናው ለምን ወረደ?

ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን የዘጋ ሰው ብዙ ጊዜ በሩን እየረገመ ነው የሚመጣው። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ቁልፍ ሠሪው ሽማግሌ ኪዮስክ እየሮጠች የመጣችው ወጣት ግን ገና ከሩቁ፣ «አባባ፣ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ እባክዎ ይድረሱልኝ» አለች። ሽማግሌው በዚህች ንግግሯ ብቻ ወደዷት። መሣሪያቸውን በኪሳቸው ከተቱና ከኋላዋ ቱስ ቱስ እያሉ ደረጃውን ወጡ።

ወጣቷ ፊልም አቀናባሪ ናት። ሌሎች የቀረጹትን ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ታሪኩ እግር እንዲያወጣ ታደርጋለች። የተማረችውም ይህንኑ ነው። የምትሠራባት ክፍል ጠባብ ናት፤ መጋረጃዋ ቀንም ማታም አይገለጥም። ሽማግሌው በሩን ከፍተው መሣሪያቸውን ሊሰበስቡ ጎንበስ ሲሉ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒውተር ላይ አረፈ፤ እዚያው ደርቀው ቀሩ። የልጃቸው ፎቶግራፍ ነበር።

ልጃቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት የሞተው በቆዳ ፋብሪካ ሲሠራ ነው። የፋብሪካው ቆሻሻ ውሃ የሚጠራቀምበት ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ልጁን ሥራ ያስተማረው ሠራተኛ ለጽዳት ወርዶ እዚያው ወደቀ። ልጁም ሊያወጣው ተከትሎት ወረደ። የሁለቱም ሬሳ ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው በየዓመቱ መታሰቢያ ያደርጋል፤ አባትየውም ብድግ ብለው፣ «ልጄ እንደሚሞት እያወቀ ወረደ፤ እናንተም እንደሱ ሁኑ» ይላሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ሽማግሌው ዓመቱን የሚገፉት በዚያ ጭብጨባ ነው። ሌላ የሚያጽናናቸው ነገር የለም።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለች ወጣቷ ነገሩ ሲገባት። «የዘንድሮውን የመታሰቢያ ፊልም እንድሠራ ፋብሪካው አዞኛል። ከሥራ አስኪያጁ ጋር እቤትዎ ልመጣ ነበር።»

«እንኳን ቁልፍሽን ረሳሽ!» አሉ ሽማግሌው ወንበር እየሳቡ። «በይ አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። ልጃቸውን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ደረቱን ነፍቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል፤ ነፋስ ካፖርቱን ያውለበልበዋል፤ ሙዚቃው ያጓራል። ሥራ አስኪያጁ እንደነዚያ በሰማይ እንደሚበሩት የውጭ አገር ጀግኖች ይሁንልኝ ብለው አዘዋል። ተዋናዩ ወደ ላይ አየና ዘለለ። ሽማግሌው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«እሰይ! ልክ እንደዚህ ነው። ምነው ዝም አልሽ?»

«አባባ፣ ቢቆጡኝም ልናገር። ታሪኩ ቀዳዳ አለው።»

«የምን ቀዳዳ?»

«እነዚያን የሚበሩ ጀግኖች በፊልም አይተዋቸው ያውቃሉ?»

«የልጅ ልጆቼ እኔን ሳይጎትቱ መች ያያሉ።»

«እንግዲያው ልጠይቅዎ። ሴትዮዋ ከፎቅ ስትወድቅ ጀግናው መሬት ልትነካ ስትል ይቀልባታል። ክንዱ እንደ ብረት ነው ተብሏል። ታዲያ መሬት ላይ ብትፈጠፈጥና ብረት ላይ ብትፈጠፈጥ ለአጥንቷ ምን ለውጥ አለው?»

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቅ አመለጣቸው። «እሱስ እውነትሽን ነው። ግን ፊልም ነው፤ ምናለበት?»

«ቤት ሲቃጠልስ? ዘሎ ይገባል። ጭሱ ሌላውን ሁሉ ሲጥል እሱን አያስለውም። ውጭ የቆመው ሕዝብ ደግሞ አፉን ከፍቶ ከማየት በቀር መሰላል የሚያመጣ፣ ውሃ የሚያቀብል አንድ ሰው የለውም። ለምን መሰለዎት? ሌላው ሰው ሥራ ከሠራ ጀግናው ጀግና አይሆንማ! ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይህ ነው። ለምን ገባ ብለው ሲጠይቁ ‹ጀግና ስለሆነ› ይሉዎታል። በምን ጀግና ሆነ ሲሉ ‹ስለገባ›። ይህ እዚያው መዞር እንጂ ምክንያት አይደለም። ሰው አንድ ነገር ሲያደርግ የሚፈልገው፣ የሚያስበው፣ የሚያውቀውና የማያውቀው ነገር አለ።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። «የኔን ልጅ ከነዚህ ቧልተኞች ጋር ታወዳድሪዋለሽ?»

«እኔ አላወዳደርኳቸውም፤ ያወዳደራቸው ይህ ፊልም ነው። ለእኔ ልጅዎ ሰው ነው። ለዚህ ነው ለምን ወረደ ብዬ የምጠይቀው።»

የተማረ ሰው አንዳንዴ ቁስል ያለበትን ሳያይ ይረግጣል። ይህችኛዋ ግን እያየች ነበር።

«አብሮት ይሠራ የነበረ ጓደኛውን አነጋግሬዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ልጅዎ ከመውረዱ በፊት ጃኬቱን አውልቆ አጣጥፎ አስቀመጠ። ከዚያ፣ ‹ምሳዬን እንዳትነኩብኝ፣ መጣሁ› አለ። መጣሁ ነው ያለው፣ አባባ። ሊሞት የሚወርድ ሰው ስለ ምሳው ያስባል?»

ሽማግሌው የልጃቸውን ድምፅ ሰሙት። በልጅነቱ ለጨዋታ ሲጠሩት እንኳ ሳህኑን ደብቆ ነበር የሚወጣው፤ ወንድሞቹ በዚህ አመሉ እንዴት ይስቁበት ነበር! በዚህ ሁሉ ዓመት በአዳራሹ የተጨበጨበለት ሰው ይህንን ልጅ አይመስልም ነበር።

«ታዲያ ጀግና አይደለም ነው የምትዪኝ?»

«ደግ ነው። ሥራ ያስተማረው ሰው ተንሸራቶ እግሩ የተሰበረ መስሎት ደግፎ ሊያወጣው ወረደ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው አየር እንደሚገድል የነገረው የለም። እኛ ግን አለመንገራችንን ትተን፣ እያወቀ ሞተ አልን። ይህ የሚያምረው ለኛ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ‹ማውጫ ገመዱ የት ነበር?› ተብለው አይጠየቁም።»

ወጣቷ የቀረውን ሳትነግራቸው ብትቀር በወደደች ነበር፤ ግን አላስቻላትም።

«ካለፈው መታሰቢያ በኋላ ደግሞ አንድ ሠራተኛ ከጉድጓዱ መሰላል ላይ ራሱን ስቶ ተንጠለጠለ። አንድ አዲስ ልጅ ተከትሎት ሊዘል ሲል በቀበቶው ይዘው አስቀሩት። ‹ልቀቁኝ፣ እሱስ ወርዶ የለም ወይ!› እያለ ይጮህ ነበር። እሱ ያለው ልጅዎን ነው። ከእርስዎ አፍ ሰምቶ ነው።»

ሽማግሌው መሣሪያቸውን አንስተው ሳይሰናበቱ ወጡ። በዚያ ቀን ኪዮስካቸው እንደተዘጋ አመሸ። ልጅ መቅበር አንድ ሐዘን ነው፤ የሞተበትን ምክንያት ሁለተኛ መቅበር ሌላ ሐዘን ነው። እንዲህ ያለው ሰው ላይ «እውነት አይዋጥለትም» እያልን ጣት የምንቀስር ሰዎች ትንሽ እፍረት ቢኖረን ጥሩ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ራሳቸው በሯን አንኳኩ።

«እንግዲያው ምን ልበላቸው?» አሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ሰው ሲወድቅ ቆማችሁ እዩ ልበል?»

«ቆሞ ማየትና ቆሞ ማውጣት ይለያያሉ። ባለሙያዎች ጠይቄያለሁ። ማንም ከመውረዱ በፊት ክዳኑ ተከፍቶ ንጹሕ አየር ይነፋበታል፤ አየሩ ይለካል። የሚወርደው ሰው በትከሻውና በወገቡ መታጠቂያ ይታጠቅና ገመዱ ከላይ ካለ፣ በእጅ ከሚሽከረከር ማንሻ ጋር ይታሰራል። ከላይ የሚቆመው ደግሞ ምንም ቢመጣ አይወርድም።»

«ጓደኛው እያየው? ፈሪ አይሉትም?»

«እሱ ከወረደ ማን ይጎትታል?»

ሽማግሌው አሰቡበት። «እኔም» አሉ በመጨረሻ፣ «በር አልከፈት ሲል ትከሻዬን አልወረውርበትም። ቆሜ፣ ታግሼ ነው የምከፍተው። ለበር እንኳ ያላጣነውን ብልሃት ልጄን ነፈግነው።»

ይህን ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

በመታሰቢያው ዕለት ነፋሱና ካፖርቱ ከፊልሙ ወጥተዋል። ሽማግሌው እንደ ወትሮው ብድግ አሉ። «እስከ ዛሬ እያወቀ ሞተ ስላችሁ ኖሬያለሁ። ልጄ አላወቀም። ተመልሶ ምሳውን ሊበላ ነው የወረደው። እናንተ ግን ዛሬ አውቃችኋል። ልጄን የሚወድ እንደሱ አይውረድ። አለቆችም ገመድ ሳትሰጡ ሰው አታውርዱ» አሉና ተቀመጡ። ማንም አላጨበጨበም። ሥራ አስኪያጁ አቀርቅረው ቀሩ። ያ ጸጥታ ለሽማግሌው እንደገና ለቅሶ የመቀመጥ ያህል ነበር፤ አይደለም ብዬ አላጽናናችሁም።

ሆኖም ቃላቸው መሬት አልወደቀም። ሠራተኞቹ ገመዱ ካልመጣ አንወርድም ብለው በአንድ ቃል ቆሙ። ማንሻው ተተከለ፤ መታጠቂያው ተገዛ፤ አየር መንፊያው መጣ። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ ቆዳ ከመንካቱ በፊት ከላይ መቆምን ይማራል። ቀድሞ ባለቤታቸው ወደ ጉድጓዱ ሥራ ሲመደብ እህል አልወርድ ይላቸው የነበሩ ሚስቶች አሁን ማታ ይመጣል ብለው ይጠብቃሉ። ዕውቀት ከድፍረት ጋር ሲሄድ ጥቅሙ ይኸው ነው።

ከወራት በኋላ ወጣቷ ወደ ኪዮስኩ እየሮጠች መጣች። አሁን ግን ቁልፍ አልረሳችም፤ ወሬ ይዛ ነው። ጉድጓዱን ሲያጸዳ የነበረ ሠራተኛ አየር መንፊያው ድንገት ቆሞበት ታች ወደቀ፤ ጓደኛው ከላይ ሆኖ እያለቀሰ ማንሻውን አሽከርክሮ አወጣው፤ ሰውዬው አስመልሶት ነፍሱን አወቀ፤ ይኸው ከልጆቹ ጋር እቤቱ ነው።

«ተመስገን! ተመስገን!» አሉ ሽማግሌው። ቀጥለው ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው?»

«አልፈጀም፣ አባባ። ቶሎ ነው የወጣው።»

«ይቻል ነበር ማለት ነዋ።»

ወጣቷ አጠገባቸው ተቀምጣ አብራቸው አለቀሰች።

«ያንን ከላይ የቀረውን ሰው አምጪልኝ» አሏት ሲረጋጉ።

አመጣችው። እጁ በማንሻው እጀታ የተላጠ ጎልማሳ ነው፤ የተጠራበት ምክንያት አልገባውም። «እኔ እኮ ምንም አልሠራሁም፣ አባቴ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ልወርድ ፈልጌ ነበር፤ ግን ቆሜ ጎተትኩ።»

ሽማግሌው ግንባሩን ሳሙት። ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት።

«የኔ ልጅ የሞተው» አሉት፣ «ከላይ እንዳንተ ያለ አጥቶ ነው።»