የብሮንያ ማበጠሪያ

(ነታንያ፣ እስራኤል፤ በእንጉዳይ ሳሎን። ከናዚ እልቂት ዘመን የተረፈ ዕቃና ምስክርነት የሚሰበስቡ የሙዚየም ሰዎች ሊመጡ ትንሽ ቀርቷቸዋል፤ እንጉዳይ ለዓመታት የጦረቻትና ባለፈው ክረምት የሞተችው ፖላንዳዊቷ ብሮንያ የተወችላትን የእንጨት ማበጠሪያ ይዛ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች፤ ልታስተረጉምላት የመጣችው ልጇ አዝመራ ግን ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም።)

አዝመራ፦ አላስተረጉምም አልኩ እኮ። ስንት ጊዜ ልበልሽ?

እንጉዳይ፦ ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው፤ አሁን ነው የምትነግሪኝ?

አዝመራ፦ ትናንትም ነግሬሻለሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው።

እንጉዳይ፦ ባትሪው አልቆ ነው።

አዝመራ፦ ያንቺ ባትሪ የሚያልቀው እኔ ሳወራ ብቻ ነው።

እንጉዳይ፦ ክሊኒክ ስትውይ የማንንም ሽማግሌ ጉልበት፣ የማንንም አሮጊት ወገብ ስታስተረጉሚ ትውይ የለም እንዴ? ለናትሽ ሲሆን ምላስሽ ተሳሰረ?

አዝመራ፦ እነሱ የሚያወሩት የራሳቸውን ጉልበት ነው። አንቺ የሰው ታሪክ ልታወሪ ነው።

እንጉዳይ፦ አደራ ነው ልጄ። «ማበጠሪያውን የሚፈልጉ ሰዎች ይመጣሉ፤ ዝም ብለሽ እንዳትሰጫቸው፣ ነግረሽ ስጫቸው» ብላኛለች።

አዝመራ፦ ወንዶች ልጆች አሏት አይደል? እነሱ ይንገሯቸዋ!

እንጉዳይ፦ ለነሱ አልነገረቻቸውም።

አዝመራ፦ እሰይ። እሷም እንዳንቺው ናት ማለት ነው።

እንጉዳይ፦ ምን ለማለት ነው?

አዝመራ፦ ምንም። ቀሚስሽ ያምራል። አዲስ ነው?

እንጉዳይ፦ ለዛሬ ያሰፋሁት ነው።

አዝመራ፦ እኔ የተመረቅሁ ቀን በነጠላ ጫማ ነበር የመጣሽው።

እንጉዳይ፦ ከሥራ ነዋ የመጣሁት!

አዝመራ፦ ከማን ሥራ?

እንጉዳይ፦ ከ... ከብሮንያ ቤት።

አዝመራ፦ በይ እንግዲህ።

እንጉዳይ፦ ትኩሳት ይዟት ነበር። እንዲያውም «ተነሽ ሂጂ፣ ልጅሽ ትጠብቅሻለች» ብላ የገፋችኝ እሷ ናት።

አዝመራ፦ ጉድ እኮ ነው! ምርቃቴ ላይ የተገኘሽውም በሷ ፈቃድ ነው!

እንጉዳይ፦ አንቺ ልጅ፣ ቀንተሽ ነው እንዴ?

አዝመራ፦ አዎ። ቀንቻለሁ።

እንጉዳይ፦ በሞተች ሴትዮ?

አዝመራ፦ ሞታም አልለቀቀችሽማ! ፎቶዋን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሰቅለሽዋል። የኔ ፎቶ የት ነው?

እንጉዳይ፦ ያንቺማ መኝታ ቤት ነው።

አዝመራ፦ መኝታ ቤት የት ጋ?

እንጉዳይ፦ ቁም ሳጥን ውስጥ። መስታወቱ ተሰብሮ ነው እንጂ... ላሠራው ብዬ።

አዝመራ፦ የሷ መስታወት ግን አይሰበርም።

እንጉዳይ፦ ኧረ አፈር ስሆን! እንዲህ ሆድ እንደባሰሽ መች አወቅሁ?

አዝመራ፦ በየጠዋቱ ፀጉሯን የምታበጥሪላት በዚህ ማበጠሪያ ነበር፣ አይደል?

እንጉዳይ፦ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማን ያበጥርላት?

አዝመራ፦ የኔንስ ማን አበጠረልኝ? አዳሪ ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት አንዲት የማላውቃት ሴት «ይሄን ማን ይፈታዋል» ብላ በመቀስ ሙልጭ አድርጋ ቆረጠችው።

እንጉዳይ፦ ቅማል ነው ያልሽኝ!

አዝመራ፦ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው የዋሸሁሽ። ሥራዬ ሆኖ አልቀረም? አንቺን እንዳታለቅሺ መጠበቅ።

እንጉዳይ፦ ያኔ ሰው ሁሉ ልጁን አዳሪ ያስገባ ነበር። «እዚያ ትማራለች፣ ሰው ትሆናለች» አሉን፤ አመንን። አውቶቡሱ ሲሄድ ማጅራትሽን እያየሁ ቀረሁ። ደስ ብሎኝ የሰጠሁሽ መሰለሽ?

አዝመራ፦ እንዴት ልወቅ? ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?

እንጉዳይ፦ እሺ፣ ተጣልተን እንዳንጨርስ። የማበጠሪያውን ነገር አንድ ጊዜ ስሚኝና፣ ከሰማሽ በኋላ እምቢ ማለት መብትሽ ነው።

አዝመራ፦ ቆሜ ነው የምሰማሽ።

እንጉዳይ፦ ቁሚ። ጀርመኖቹ ካምፕ ሲያስገቧት ገና ልጃገረድ ነበረች። እናቷን በዚያ በኩል፣ እሷን በዚህ በኩል አደረጓቸው፤ በዚያው ተለያዩ። ከዚያ ራሷን ላጯት። ሹሩባዋ መሬት ላይ ወድቆ የሰው ሁሉ ፀጉር ሲቀላቀልበት አይታለች። አንዲት እስረኛ ደግሞ ከሳንቃ ስባሪ ይቺን ማበጠሪያ ሠርታ፣ ደብቃ ትሸጣለች። ብሮንያ የዕለት ዳቦዋን ሰጥታ ወሰደቻት።

አዝመራ፦ ተላጭታ?

እንጉዳይ፦ ተላጭታ! ሴቶቹ ሳቁባት። በረሃብ አእምሮዋን ሳተች አሉ። እሷ ምን እንዳለቻቸው ታውቂያለሽ? «ይበቅላል» አለቻቸው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ያን ቀን ጦሟን አደረች።

አዝመራ፦ ጥሩ ታሪክ ነው።

እንጉዳይ፦ ታዲያስ?

አዝመራ፦ ታዲያማ የባሰ ቀናሁ። በዕብራይስጥ ሽንኩርት ስትገዢ የምትንተባተቢ ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ ከየት ሰማሽው?

እንጉዳይ፦ ደጋግማ፣ ቀስ እያለች ትነግረኛለች። እንደ ሕፃን ቃሉን እየቆረሰች። እኔም እነግራት ነበር።

አዝመራ፦ ምኑን?

እንጉዳይ፦ የኔን ነዋ።

አዝመራ፦ የቱን ያንቺን? የሱዳኑን?

እንጉዳይ፦ ከመንደራችን ከወጣንበት ጀምሮ። ዕብራይስጡ ሲያልቅብኝ በአማርኛ። አይገባትም፤ ግን እጄን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

አዝመራ፦ ታከለንም?

እንጉዳይ፦ ሰዎቹ ዘገዩ። መኪና ማቆሚያ አጥተው ይሆን?

አዝመራ፦ እማዬ፣ ወንድሜንም ነግረሻታል?

እንጉዳይ፦ አዎ።

አዝመራ፦ ሞቼ እገኛለሁ! ለባዕድ አሮጊት!

እንጉዳይ፦ ባዕድ አትበያት።

አዝመራ፦ ምን ልበላት? አክስቴ? እኔ ስጠይቅሽ እኮ በጥፊ ነው የመለስሽልኝ። አስተማሪዋ ቤተሰባችሁን ሳሉ ብላን፣ «ታከለን የት ጋ ልሳለው?» ብዬ ወረቀቱን ይዤ መጣሁ። ትዝ ይልሻል?

እንጉዳይ፦ ትዝ ይለኛል።

አዝመራ፦ ጉንጬ አብጦ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሥዕሉ ላይ ዛፍ ሣልኩበት፤ ባዶ እንዳይሆን። እስካሁንም ስንት ወንድም አለሽ ሲሉኝ ምን እንደምመልስ አላውቅም። ያቺ ሴትዮ ግን ታውቃለች!

እንጉዳይ፦ እዚያ ሱዳን፣ ገዳሪፍ መጠለያው ውስጥ ለቅሶ አይለቀስም ነበር፤ አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ። ልጅሽ ሞቶ ነጠላሽን ነክሰሽ...

አዝመራ፦ ይሄንንማ አገር ያውቀዋል። በየዓመቱ በሱዳን መንገድ ላለቁት በሚደረገው የመታሰቢያ ቀን ይነገራል። አንቺ አንድም ቀን አልሄድሽም እንጂ። እኔ የምጠይቅሽ የኔን ወንድም ነው።

እንጉዳይ፦ ዛሬ የብሮንያ ቀን ነው።

አዝመራ፦ እንግዲያው ቁርጡን ልንገርሽ። የማበጠሪያውን ከጨረስሽ በኋላ፣ እዚያው ካሜራው ፊት ታከለን ትናገሪያለሽ፤ ሁለቱንም አስተረጉማለሁ። ካልሆነ አሁኑኑ ወጣሁ። ብሮንያ ቃሏን ይዛ ትቅር።

እንጉዳይ፦ አደራዬን ልታስበይኝ ነው?

አዝመራ፦ አንቺው ምረጪ።

እንጉዳይ፦ እሺ። እናገራለሁ። ግን የታከለን ሌላ ሰው ያስተርጉመው።

አዝመራ፦ ምን አልሽ?

እንጉዳይ፦ ሌላ ሰው ይፈልጉ። አንቺ ያን ጊዜ ወጣ ትያለሽ።

አዝመራ፦ እኔ ልውጣ? የገዛ ወንድሜ ሲወራ እኔ ከቤት ልውጣ? ይሄ ሁሉ ሙዚየም ይስማ፣ እኔ ደረጃ ላይ ልቁም?

እንጉዳይ፦ ቦርሳሽን አስቀምጭ፣ ልጄ።

አዝመራ፦ አላስቀምጥም! እሷ ብትሆን ውጪ ትያት ነበር?

እንጉዳይ፦ እሷ እዚያ አልነበረችማ!

አዝመራ፦ እኔ ነበርኩ! ልጅ ብሆንም ነበርኩ። መንገዱን ሙሉ ማን ነው ያዘለው?

እንጉዳይ፦ አንቺ ነሽ።

አዝመራ፦ ማን ነው ከአፉ ቆርሶ ያበላው?

እንጉዳይ፦ አንቺ።

አዝመራ፦ ታዲያ ከኔ የሚደበቀው ለምንድን ነው? ሐኪም ቤት ይዘሽው ሄድሽ፤ ባዶ እጅሽን ተመለስሽ። የማውቀው ይሄን ብቻ ነው።

እንጉዳይ፦ ሐኪም ቤት አልወሰድኩትም።

አዝመራ፦ እና የት ወሰድሽው?

እንጉዳይ፦ በሩ ተንኳኳ።

አዝመራ፦ ይንኳኳ! የት ወሰድሽው?

እንጉዳይ፦ ቀብሬው መጣሁ። ያን ዕለት ውኃ ቀድቼ ስመለስ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አዝለሽው እሽሩሩ ትይው ነበር። ላወርደው እጄን ስዘረጋ «ተይው እማዬ፣ ገና አሁን መተኛቱ ነው» አልሽኝ። እግሩን ዳሰስኩት፤ ቀዝቅዟል። አንቺ «እኔ ነኝ ያስተኛሁት» ብለሽ ሳቅሽልኝ። ይሄን ለባዕድ እንጂ ላንቺ በምን አፌ ልንገርሽ?