ከመስኮቱ ማዶ ያለችው እናቴ

ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ከሴቶች ማደሪያ ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ከምሳ በኋላ፤ የአንደኛ ዓመቷ ምንታምር እና “ፍም” ለተባለው የተማሪዎች የጽሕፈት ማኅበር ያቀረበቻት የሦስተኛ ዓመቷ ሶሊያና።

ምንታምር፦ ማን ንገሪልኝ አለሽ?

ሶሊያና፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።

ምንታምር፦ አሁን ነው ሰው የሚሰማው? ትናንት አሥራ አራት ሰው ሲሰማሽ ምንም አልመሰለሽም።

ሶሊያና፦ እንኳን ደስ አለሽ ልልሽ ነው እኮ የመጣሁት። ገብተሻል! ከሠላሳ ፍሬሽ የገባችሁት አምስት ብቻ ናችሁ።

ምንታምር፦ በምን ገባሁ?

ሶሊያና፦ እንዴት በምን?

ምንታምር፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወንበር ተሸከምኩላችሁ። አዳራሽ ጠረግኩ። አራት ጽሑፍ አነበብኩ። በየትኛው ነው የገባሁት?

ሶሊያና፦ እውነቱን ልንገርሽ?

ምንታምር፦ ለእነሱ ነግረሽ የለ? ለእኔም ንገሪኝ እንጂ።

ሶሊያና፦ ስምንት ለሰባት ወድቀሽ ነበር። “ትጉ ናት፣ ጽሑፏ ግን ሕይወት የለውም” አሉ። ታዲያ ቁጭ ብዬ ልይሽ? ተነሣሁና ስለ እናትሽ ነገርኳቸው።

ምንታምር፦ “አዲስ ገቢ አንድ ምሥጢር ላቀረበው ሰው ይነግራል፤ የሰማው ሰው እስኪመረቅ ድረስ ለማንም አይተነፍስም።” ይህን ደንብ ማን ነው ያነበበልኝ?

ሶሊያና፦ እኔ።

ምንታምር፦ ያውም እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ!

ሶሊያና፦ ለክፉ ነው እንዴ? “እናቷ እዚሁ ካፌ ወጥ የሚያወጡልን ሴትዮ ናቸው፤ በየቀኑ ሳህኗን ዘርግታ እንደማታውቃቸው ታልፋለች” ስላቸው ከአባሎቻችን አንዷ ሜላት አለቀሰች። ድምፅ ሲደገም ሁሉም እጁን አወጣ።

ምንታምር፦ እንኳን አለቀሰችልኝ! የገባሁት በእናቴ ጭልፋ ነዋ።

ሶሊያና፦ እንዲያውም መቆጣትስ የሚገባኝ እኔ ነኝ። አራት ወር ሙሉ የወለደችሽን እናት “እንደምን ዋልሽ” ሳትያት! የእኔ እናት ብትሆን ሰልፉን ጥሼ ነው የምስማት።

ምንታምር፦ አፍሬባት ነው የመሰለሽ?

ሶሊያና፦ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ምንታምር፦ ነግሬሽ ነበር። አንቺ ግን ግማሹን ሰምተሽ እንባሽን መጥረግ ጀመርሽ። ከዚያ ወዲያ የምልሽ ሁሉ አልገባሽም።

ሶሊያና፦ ምኑን?

ምንታምር፦ ግቢው ውስጥ የሚማር ልጅ ያለው ሠራተኛ ያዳላል ተብሎ ወጥ ማውጫው ላይ አይቆምም። ደብቆ የተገኘ ይሰናበታል። እኔ እዚህ ስመደብ እናቴ “ዘመድ የለኝም” ብላ ፈረመች። ማታ ቤት ጠርታ “ከነገ ጀምሮ አላውቅሽም፣ አታውቂኝም” አለችኝ። አንድ ቀን እንኳ ከሌላው አብልጣ አውጥታልኝ አታውቅም፤ እንዲያውም ታሳንስብኛለች።

ሶሊያና፦ እሺ፣ ይህን አላወቅኩም። ግን እኮ የማኅበሩ ልጆች ናቸው፤ ለማን ይናገራሉ?

ምንታምር፦ ዛሬ ምሳ ላይ አልነበርሽም?

ሶሊያና፦ ላብራቶሪ ነበርኩ። ምን ሆነ?

ምንታምር፦ ሊቀመንበራችሁ ኪሩቤል አበባ ይዞ መጣ።

ሶሊያና፦ ወይኔ!

ምንታምር፦ ያ ሁሉ ተማሪ በተሰለፈበት መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ “እማማ፣ ምንታምርን ስለወለዱልን እናመሰግናለን” አላት። ከኋላው ያሉት አጨበጨቡ።

ሶሊያና፦ እሳቸው ምን አሉ?

ምንታምር፦ “ተሳስተሃል ልጄ፣ ሳህንህን አምጣ።” እሱ መች ይተዋል! “አይደብቁ እማማ፣ ሶሊያና ሁሉንም ነግራናለች” አለ። ይኼኔ የካፌው ሱፐርቫይዘር አቶ ግዛቸው ከወጥ ቤቱ ብቅ አሉ።

ሶሊያና፦ አንቺስ የት ነበርሽ?

ምንታምር፦ ከኪሩቤል ኋላ፣ አራተኛ። ጠሩኝና “እናትሽ ናት?” አሉኝ።

ሶሊያና፦ ምን አልሻቸው?

ምንታምር፦ እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ታየኛለች። “አላውቃትም” አልኳቸው።

ሶሊያና፦ ምንቴ…

ምንታምር፦ አታቆላምጪኝ!

ሶሊያና፦ አመኑሽ?

ምንታምር፦ የት ያምናሉ! “ይህን ያወራችው ልጅ ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮዬ ትምጣ። ፈጥራው ከሆነ ጽፋ ትፈርም፤ አለዚያ ሴትዮዋ ነገ እንዳትገባ” ብለዋል። ኪሩቤልም ተጠርቷል።

ሶሊያና፦ ምን ብዬ ልፈርም?

ምንታምር፦ ዋሽቻለሁ ብለሽ። ድምፅ ለማግኘት ፈጥሬ ያወራሁት ነው ብለሽ።

ሶሊያና፦ ኪሩቤል ፊት? ስለ አዲስ ገቢ የዋሸ አቅራቢ እኮ ይባረራል! አንቺም አብረሽ ትወጫለሽ።

ምንታምር፦ የእኔን ተይው። ሕይወት የለውም ለተባለ ጽሑፍ ማኅበር ምን ያደርግለታል?

ሶሊያና፦ በሚመጣው ወር ሊቀመንበርነቱ የእኔ ነው። ከእነሱ ሌላ እዚህ ግቢ ጓደኛ የለኝም። ይልቅ አቶ ግዛቸውን አብረን እንለምናቸው፣ እግራቸው ላይ እንውደቅ…

ምንታምር፦ መለመን እኮ እናቴ ናት ብሎ ማመን ነው። ሰባት ተኩል ሆኗል።

ሶሊያና፦ ሁለት ዓመት የለፋሁበትን በአንድ ፊርማ ካጂ እያልሽኝ ነው!

ምንታምር፦ እኔ ዛሬ ዓይኗን እያየሁ እናቴን ክጃለሁ፤ አንቺ ማኅበር መካድ ያቅትሻል?