ልጅ አስተርጓሚ

(ስዊድን፣ ጎተንበርግ። ወይዘሮ አስካለ የጡት ምርመራ ውጤታቸውን ለመስማት ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ ትልቋ ልጃቸው ረድኤት ፈተና ስላለባት ትንሿን፣ ሶልያናን፣ ለአስተርጓሚነት ሊወስዱ አስበዋል።)

ረድኤት፦ ሶልያናን ይዘሻት አትሄጂም አልኩ፣ እማዬ።

አስካለ፦ አንቺ ፈተና አለብኝ አልሽ። ታዲያ ማን ያስተርጉምልኝ፣ ግድግዳው?

ረድኤት፦ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ይሰጥሻል። በነፃ።

አስካለ፦ ያው ከኛው ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ አበሻ አይደል? እሑድ ቅዳሴው ሳያልቅ የጡቴን ነገር ሰው ሁሉ ሊያወራው?

ረድኤት፦ እንግዲያው ራስሽ ቋንቋቸውን ተማሪ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ማታ ማታ እናቶችን ያስተምራሉ። ስንቴ ነገርኩሽ።

አስካለ፦ አገሬ ላይ ያልቆጠርኩትን ፊደል ሰው አገር ልቁጠር? ልጄ የምትሆን አስተማሪ እርሳስ አያያዝ ታሳየኝ?

ረድኤት፦ ታሳይሽ። ምን አለበት?

አስካለ፦ የሰው ሽንት ቤት እያጠብኩ ያስተማርኩሽ እንድታነቢልኝ ነበር። አሁን ደከመሽ።

ረድኤት፦ አዎ፣ ደከመኝ። ባንኩንም፣ የቤት ኪራዩንም፣ ሐኪሙንም ከልጅነቴ ጀምሮ በኔ አፍ ነው ያናገርሽው። በሶልያና አይደገምም።

አስካለ፦ ሁለት ቃል ብታስተረጉም ምን ትሆናለች? አንቺስ በሷ ዕድሜ አባትሽ ሲታመም ስታስተረጉሚ ምን ሆንሽ?

ረድኤት፦ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?

አስካለ፦ ይኸው ጠየቅኩሽ።

ረድኤት፦ አባዬ የሞተ ቀን ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ሲያናግረን ትዝ ይልሻል?

አስካለ፦ እንዴት ይረሳኛል። እንቅልፍ ወስዶታል ብሎ ሸኘን። አጥሚት ሠርቼ ስመለስ አልጋው ባዶ ነበር። ያን ውሸታም እስከዛሬ እረግመዋለሁ።

ረድኤት፦ አትርገሚው። እሱ አልዋሸም።

አስካለ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ረድኤት፦ ሞቷል ነው ያለኝ። ለእናትሽ ንገሪያት አለኝ። አንቺ ሶልያናን አርግዘሽ፣ እጄን ጨብጠሽ «ምን አለ? ምን አለ?» ትዪኛለሽ።

አስካለ፦ ቀጥዪ።

ረድኤት፦ አገር ቤት አክስቴን መርዶ ሲያረዷት ትዝ ይለኛል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጡ፤ እኛን ልጆቹን ጎረቤት ወሰዱን። እዚያ ኮሪደር ላይ ግን ሽማግሌ የለ፣ ጎረቤት የለ። እንቅልፍ ወስዶታል አልኩሽ።

አስካለ፦ አጥሚቱን ስሠራ አጠገቤ ነበርሽ።

ረድኤት፦ አማስዪ ብለሽኝ ሳማስል ነበር።

አስካለ፦ እያወቅሽ?

ረድኤት፦ እያወቅኩ። ነገ ደግሞ ሐኪሙ ለሶልያና ምን እንደሚላት አላውቅም። አንቺም አታውቂም።

አስካለ፦ ሶልያና ትምህርት ቤቷ ትሂድ። አበሻውም ይምጣ፣ እንዳሻው ያውራ።

ረድኤት፦ የማታ ትምህርቱስ?

አስካለ፦ እማራለሁ። ግን ያን ቀን ሐኪሙ ያለሽን ቃል በነሱው ቋንቋ ንገሪኝ። ከሱ ነው የምጀምረው።