በጠርሙስ የመጣው የወንዛዬ ውኃ

የጥንት ሰዎች በፍል ውኃ እንዴት ይታከሙ እንደነበር የሚያጠኑ አንድ የኬሚስትሪ ምሁር ወረታ እኛ ቤት ሰነበቱ። ከወንዛዬ ፍል ጸበል በትልቅ ጠርሙስ ያመጡትን ውኃ አዲስ አበባ ወስደው ሊመረምሩት ሲነሡ ጨነቀኝ። አክስቴ ለጉልበቷ ብላ በስውር ስትጠጣው፣ በጎደለ ቁጥርም የጉድጓድ ውኃ ስትሞላበት አይቻለሁ። ዝም ካልኩ የሚጽፉት ሁሉ ስሕተት ሊሆን ነው። እንግዳ ፊት ተናግሬ ባላውቅም፣ «ጌታዬ፣ ውኃው ተቀላቅሏል» አልኩና ያየሁትን ነገርኳቸው።

አክስቴ ተቆጣች። «ዝም በይ አንቺ! ጸበል እኮ ነው፤ ውኃ ቢጨመርበትም ያው ጸበል ነው!»

ምሁሩ ጠርሙሱን መልሰው አስቀመጡ። «ለመሆኑ እሜቴ፣ ጉልበትዎ ተሻለዎት?»

አክስቴ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች።

«ኧረ ምኑን! መጀመሪያ ላይ ተሽሎኝ ነበር። ኋላ ውኃ በዛበት መሰለኝ።»