የፍንጭቷ ዘፈን

ከወሰን ወደ መገናኛ ስንሄድ፣ የታክሲው ሬዲዮ ስለ አንዲት ፍንጭት ልጅ የተዘፈነ የድሮ ዘፈን ለቀቀ። ከፊቴ ክራር ታቅፈው የተቀመጡ ሽማግሌ ፈገግ አሉ። አጠገባቸው ያለችው ሴትዮ ሹፌሩን፣ «እባክህ ድምፁን ጨምርልኝ» አለችው።

«ትወጂዋለሽ?» አሏት ሽማግሌው።

«ባሌ ለእኔ የገጠመው ነው፣ አባባ። ስንተጫጭ በደብዳቤ ጽፎ ሰጠኝ። ዘፋኙ ከእሱ ነው የወሰደው።»

«ዘፋኙማ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? ታዲያ ግጥሙን ከየት አመጡት?»

«እንጦጦ ማርያም ሥር አንዲት ፍንጭት ጎረቤት ነበረችኝ። እስቲ ሳቂ።»

ሳቀችላቸው።

«ፍንጭት አይደለሽም እኮ።»

«እሱንም ጠይቄዋለሁ። ቤት እንዲመታለት ብሎ ነው።»

«ስንት ወለዳችሁ?»

«አራት።»

ሽማግሌው ክራራቸውን ትንሽ ዳበሱ።

«ድሮ ስንዘፍን አድማጩ ግጥም ይሰጠናል፣ እኛ ተቀብለን እናዜማለን። አሁን ትዝ አለኝ፣ ይሄንን የሰጠኝ እሱ ነው። ሰላም በይልኝ።»

«እኔስ መች አጣሁት። ባሌ አይዋሽም።»

እኔም ያንኑ ግጥም የራሴ ነው ብዬ ለሚስቴ ጽፌ የሰጠኋት ቀን ትዝ አለኝና፣ መገናኛ እስክንደርስ ዓይኔን ከመስኮቱ አላነሳሁም።